የክረምት መጨረሻ ሥራ፤ የጓሮ ዘር አያያዝና የአትክልት አቀማመጥ

ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈካ፣ የማክሰኝትና የአካባቢዋ ገበሬ ዓይኑ ወደ ማሳው ነው። ጤፉ ይታረማል፤ ሽምብራው በጥቁሩ አፈር ላይ ይዘራል፤ ማሽላው ከወፍ ይጠበቃል። በዚህ ሁሉ ጥድፊያ መካከል የጓሮው ጎመን፣ ቃሪያ፣ ዱባና ነጭ ሽንኩርት ይረሳል። ነገር ግን በሚመጣው ዓመት በጓሮአችሁ ምን እንደሚበቅል የሚወሰነው ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ሳምንታት ነው። በዚህ ወራት ዘሩን ያልያዘ ሰው፣ ዝናብ ሊጥል ሲል ገበያ ወጥቶ ምንነቱን የማያውቀውን ዘር በውድ ይገዛል። ሳይበቅል ቢቀርም የሚጠይቀው ሰው የለም።

ዘር መያዝ ለአገራችን ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከአባቶቹ የወረሰው ሙያ ነው። ይሁን እንጂ ዘር በቀላሉ እንደሚጠፋም አይተናል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ ለዘር ያኖረውን ሳይቀር በልቶታል። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመውን የዘር ባንክ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደም፣ ዘር በመንግሥት ማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅና በገበሬው ማሳ ጭምር መጠበቅ እንዳለበት በሥራቸው አሳይተዋል። እኛም ድርሻችንን በጓሮአችን እንወጣ። ሥራው እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ የዘር ተክል ስለ መምረጥ

ብዙ ሰው ጥሩ ጥሩውን በልቶና ሸጦ የተረፈውን ለዘር ያስቀምጣል። ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ገና በቁሙ ሳለ ጤነኛውን፣ ብዙ የያዘውንና ያማረውን ተክል መርጣችሁ ጨርቅ እሰሩበት፤ ልጆችም እንዳይቀጥፉት ንገሩ።

ቲማቲም በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ከሌላ ዓይነት ጋር ብዙም አይደባለቅም። ቃሪያን ግን ንብ ያቀላቅለዋል፤ ሚጥሚጣ አጠገቡ ካለ የሚመጣው ዓመት ቃሪያ እንደ ሚጥሚጣ ሊያቃጥል ይችላል። የዱባና የሽንኩርት ዓይነቶችም እንዲሁ ይደባለቃሉ። ስለዚህ ለዘር የምትፈልጉትን አንድ ዓይነት ለብቻው አርቃችሁ ትከሉ። የጎመን ዘር ከአንድ ተክል ብቻ አይወሰድ፤ ከአሥርና ከዚያ በላይ ከሆኑ ተክሎች ይሰብሰብ። በፋብሪካ ታሽጎ የተገዛ ድቅል ዘር ከሆነ ግን ልጁ እናቱን ስለማይመስል ዘር አትያዙለት።

2ኛ፤ ዘሩን ስለ ማውጣት

ቲማቲም፦ በደንብ ከቀላው ፍሬ ዘሩን ከነጭማቂው በማሰሮ ጨምቁ። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ጥላ ሥር ሲቀመጥ በላዩ አረፋ ይይዛል፤ ዘሩን የሸፈነው ልጋግም ይለቃል። በንጹሕ ውኃ እጠቡት፤ የሚንሳፈፈውን ጣሉ፤ የዘቀጠውን በወንፊት ወይም በሰፌድ ላይ በስሱ አስጡ።

ቃሪያና ዱባ፦ ቃሪያው እስኪቀላ፣ ዱባውም እስኪጠነክር ድረስ ተክሉ ላይ ይቆይ። ዘሩ ወጥቶ የዱባው ይታጠባል፤ የቃሪያው ሳይታጠብ ይሰጣል።

ጎመን፣ ድንብላልና ጥቁር አዝሙድ፦ ፍሬው መቡነን ሲጀምር፣ ሳይረግፍ፣ ጠዋት በጤዛ ይታጨድ። በጨርቅ ላይ ደርቆ በቀጭን ዱላ ይወቃ።

አበባ፦ ለጌጥ የተተከለ አበባ ሁሉ እዚያው ተክሉ ላይ ደርቆ ፀሐይ ሲበረታ ይቆረጥ። የሱፍ አበባ የራሱ ጀርባ ቢጫ ሲሆን በስስ ጨርቅ ይሸፈን፤ ያለዚያ ወፍ ይቀድማችኋል።

3ኛ፤ ነጭ ሽንኩርትና ድንች

ነጭ ሽንኩርት የታች ቅጠሎቹ ሲደርቁ ይነቀላል። ከነቅጠሉ አየር በሚያገኝ ጥላ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይንጠልጠል። ለዘር የሚሆነው ትልልቁና ጠንካራው ነው። ሥሩ አካባቢ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ሻጋታና እንደ ሰናፍጭ ያሉ ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች ካያችሁ፣ ይህ ነጭ አበስብስ የተባለው በሽታ ነው። አንድ ጊዜ አፈር ውስጥ ከገባ ብዙ ዓመት ይኖራል። ከዚያ ማሳ ምንም ዘር አትያዙ፤ ለጎረቤትም አትስጡ፤ የታመመውን አቃጥሉ።

የዘር ድንች በጨለማ ክምር ውስጥ ሲቀመጥ ረጅምና ደካማ ቡቃያ ያወጣል። ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው፣ ብርሃንና ነፋስ ግን በሚያገኘው ቆጥ ላይ በስሱ ቢደረደር፣ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ድንቹ አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴ ድንች መርዝ ስላለው አይበላም።

4ኛ፤ ዘሩን ስለ ማስቀመጥ

የዘር ትልቁ ጠላት እርጥበት ነው። የዘሩ እርጥበት ከመቶ አንድ እጅ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ዘሩ ስትሰብሩት ቀጭ እስኪል ድረስ ይድረቅ። የባቄላ፣ የሽምብራና የበቆሎ ዘር መድረቁን ለማወቅ፣ ጥቂቱን ከደረቅ ጨው ጋር በደረቀ ጠርሙስ አድርጋችሁ ነቅንቁ። ጨው ከጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ ዘሩ ገና ነው።

የደረቀውን ዘር በጠርሙስ ወይም በተደፈነ ቅል ሙሉና ግጥም አድርጋችሁ፣ ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት። የዘሩን ስምና ዓመቱን ጻፉበት። የሽንኩርት ዘር ቶሎ ስለሚደክም በዓመቱ ይዘራ፤ የቲማቲምና የዱባ በደንብ ከተያዘ እስከ አራት ዓመት ይቆያል።

ማስጠንቀቂያ፦ ፎስቶክሲን የተባለውን የነቀዝ መድኃኒት ሰው በሚያድርበት ቤት ፈጽሞ አታስቀምጡ፤ ጋዙ ተኝቶ ያለን ቤተ ሰብ ይገድላል። መድኃኒት የነካውን ዘርም አትብሉ፤ ለዶሮም አትስጡ።

5ኛ፤ ለምግብ የሚቀመጠው

በርበሬ መሬት ላይ አይሰጣ፤ በቆጥ ወይም በንጹሕ ሰሌን ላይ ይሁን፤ ማታ ማታ ከጤዛ ይሸፈን። የሻገተው ተለቅሞ ይጣል፤ ከአንዳንድ ሻጋታ የሚመጣው መርዝ ሲቆሉትም ሆነ ሲፈጩት አይጠፋምና። ገበያው ሲረክስ የተረፈውን ቲማቲም በስሱ ቆርጣችሁ፣ ጨው ነስንሳችሁ፣ በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ በፀሐይ አድርቁት፤ በጾም ወራት ለወጥ ይሆናል። ዱባ ከነእጀታው ተቆርጦ ጥቂት ቀን ፀሐይ ይምታው፤ ከዚያም እርስ በርሱ ሳይነካካ በጭድ ላይ ይቀመጥ።

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች

በሚያዝያ ወር ገበሬዎችን በማሠልጠኛ ማዕከሉ ሰብስባችሁ የዘር ፈተና አሳዩ። መቶ ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሙቀት ባለው ቦታ ይቀመጥ፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ ውኃ ይረጭ። ጎመን በሳምንት፣ ቃሪያ በሁለት ሳምንት ይቆጠራል። ሰማንያና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ መልካም ነው። ስድሳ ከሆነ ጠቅጠቅ ተደርጎ ይዘራ። ከዚያ ካነሰ ሌላ ዘር የሚፈለግበት ጊዜ ገና አለ። ዝናቡ ከጣለ በኋላ ግን ጊዜ የለም።