ሀብሩ ለተመደበችው የእህቴ ልጅ

ከወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀሽ በአካባቢ ጥበቃ ባለሙያነት ሀብሩ ወረዳ መመደብሽን እናትሽ ነገረችኝ፤ እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። መርሳ ቤት ተከራይተሽ ሥራ ሳትጀምሪ ጥቂት ነገር ልበልሽ። ቅደም ተከተሉ እንደመጣልኝ ነው።

1. አዋጁን ራሱን አንብቢ፤ ሥልጠና ላይ በሚታደለው ማጠቃለያ አትመኪ። የያዝሽው የመጨረሻው መሆኑንም አረጋግጪ። የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 በ1324/2016 ተተክቷል፤ የአማራ ክልሉ 133/1998ም በ252/2009 ተተክቷል። በተሻረ አንቀጽ ገበሬ የሚያስፈራራ ባለሙያ፣ ገበሬው የተማረ ልጅ ካለው በማግስቱ ይዋረዳል።

2. ሲባጎና ውሃ ልክ ከቦርሳሽ አይጥፋ። የተሻረው የ1997ቱ አዋጅ ተዳፋትን በቁጥር ለይቶ ነበር (አዲሱ ምን እንደሚል ራስሽ አረጋግጪ)፦ ከ60 በመቶ በላይ ከሆነ አይታረስም፣ ልቅ ግጦሽም አይገባበትም፤ ከ31 እስከ 60 ያለው ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት ጠረጴዛማ እርከን ሲሠራለት ብቻ ነው። ስልሳ በመቶ ስልሳ ዲግሪ የሚመስላቸው ባለሙያዎች አሉ፤ ወደ 31 ዲግሪ ነው። የሁለት ሜትር ሲባጎ ላይኛውን ጫፍ መሬት አስነክተሽ አግድም ወጥሪና ውሃ ልኩን መሐሉ ላይ አንጠልጥዪ፤ አረፋው መሐል ሲቆም ከቁልቁለቱ በኩል ካለው ጫፍ እስከ መሬት ለኪ። 1 ሜትር ከ20 ከሆነ 60 በመቶው ላይ ነሽ ማለት ነው።

ከለካሽ በኋላ ነው ችግሩ። ከውርጌሳም ሆነ ከስሪንቃ በላይ ወደ ገደሉ ብትወጪ፣ ሌላ መሬት የሌለው ቤተሰብ እንዲህ ባለው ቦታ ማሽላ ዘርቶ ታገኚያለሽ። ውጣ ብትዪው ወዴት ይሂድ? አዋጁ ግን ማረሱን ሲከለክል ዛፍ፣ ቋሚ ተክልና መኖ ማልማቱን አልከለከለም። ከጌሾና ከመኖ ሣር ጀምሪ፤ ማሽላው የሚቀረው ሌላ ገቢ ሲገባለት ነው።

3. ተራራው የማን እንደሆነ ሳትጠይቂ ችግኝ አታስተክይ። በ1977ቱ ረሃብ ማግስት ወሎ ውስጥ እርከን የሚሠራው፣ ተራራ የሚከለለው በምግብ ለሥራ ነበር፤ የቀኑ ዋጋ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት። ሥራው ትልቅ ሥራ ነበር፣ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ ዛፉ ሲደርስ ማን እንደሚቆርጥ ለገበሬው የነገረው አልነበረም፤ ለእሱ የመንግሥት ተራራ ነው። በየካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የአምራቾች ማኅበራት ተበተኑ፤ በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ብዙው ክልክል ደን በመጥረቢያ አለቀ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ ያን ጊዜ የሚናቅም ባለቤት አልነበረም። የወሎ ገበሬ ዛፍ አይወድም የሚሉሽን አትስሚ። ያው ሰውዬ ያንኑ ዓመት የጓሮውን ባሕር ዛፍ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቅ ነበር።

4. ዛሬ ሕጉ የተሻለ ነው። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከመንግሥትና ከግለሰብ ሌላ ማኅበረሰብና ማኅበርም የደን ባለቤት እንዲሆኑ ፈቅዷል። የቀረው የአንቺ ድካም ነው፦ የተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር፣ ሣር የሚታጨድበት ወር፣ የየቤቱ ድርሻ፣ ከብት ለሚያስገባ የሚጣለው ቅጣት፣ ሁሉም በመተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ። ከብት የሌላት ባልቴት ድርሻዋን መሸጥ እንደምትችልም ይጻፍ፤ እሷ ካልተጠቀመች ሌሊት ክትክታ ቆርጣ ብትሸጥ ማን ይፈርድባታል? አስታራቂ ሽማግሌዎቹን፣ አበጋሮቹንም ጥሪ። እነሱ የቆረጡት ካሣ ከፍርድ ቤቱ ቅጣት ቀድሞ ሲከፈል ነው የማየው።

5. ከወንዝ አሸዋ የሚዝቅ ወይም ድንጋይ የሚፈጭ ድርጅት ፈቃድ አለኝ ቢልሽ፣ የትኛው ፈቃድ በይው። በአዋጅ 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ፣ የአካባቢ መሥሪያ ቤቱን ይሁንታ ሳያገኝ ሌላ ፈቃድ ሊሰጠው አይገባም።

ከሁሉ አብልጠሽ የምታውቂው ግን የአዋጅ 300/1995ን አንቀጽ 11 ይሁን። አካባቢ በሚጎዳ ሰው ላይ ማንም አቤት ማለት ይችላል፤ አንተን ምን ነካህ ተብሎ አይመለስም። በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘ፣ ባገኘውም ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት የመሄድ መብት አለው። ይህን የሚያውቅ ገበሬ ፈልገሽ አታገኚም። ስለዚህ አቤቱታ ሲመጣልሽ ቀኑን መዝግበሽ፣ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ለአመልካቹ ስጪ። ቅጂው ከሌለው 30 ቀን ማለፉን በምን ያስረዳል? አለቃሽ ላይወድልሽ ይችላል፤ ቻዪው።

6. በ2017 ምክር ቤቱ ፌስታል የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። መልካም። መርሳ ገበያ ቲማቲም የምትቸረችረውን ሴት ከመቅጣትሽ በፊት በምን ጠቅልላ ትሽጥ የሚለውን መልሺላት።

7. የተራራው ዛፍ ጉዳይ ማእድ ቤትም ይገባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ከሆነ በወር ከ50 ያልፋል። ዝቅተኛው ታሪፍ ደግሞ እስከ 50 ለሚጠቀም ነው። እንጀራ ብቻ ቤቱን ከድሃ ታሪፍ ያስወጣዋል ማለት ነው! የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜ 2017 ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት ተባለ፤ ያ ኃይል ወርቄና ግራና ገጠር ያለ ጓዳ እስኪደርስ ግን የሚነደው ግራርና ወይራ ነው። በሰሜኑ ጦርነትም ጊዜ አይተነዋል፤ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 መብራት ጠፍቶ ሲከርም፣ ምጣድ የነበረው ሁሉ ወደ ጉልቻ ተመለሰ።

ምርጥ የሚባለው እንጨት ቆጣቢ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጨቱን ግማሽ ያህል ይቆጥባል፤ ይጋገርበት እንጂ። ይህን ያህል ምድጃ ታደለ የሚል ሪፖርት ሲቀርብልሽ ሳትፈርሚ ሦስት አራት ቤት ግቢ። ምድጃው ላይ ዶሮ ተኝታበት ይሆናል። ሴትየዋን ባለፈው የጋገርሽው በምን ነው፣ እንጨቱን ከየት አመጣሽ፣ ስንት ሰዓት ተጓዝሽ ብለሽ ጠይቂና ሪፖርቱ ላይ እሱን ጻፊ።