በባሌ ደጋ የጓሮ ዓሣ ኩሬ አዘገጃጀትና የሚያጋጥሙ ችግሮች መለያ

1. መግቢያ

በሮቤ፣ በጎባና በአካባቢያቸው ስንዴና ገብስ በሰፊው ይመረታል፤ ከብትም ይረባል። ዓሣ ግን ከገበሬው ማዕድ ላይ እምብዛም አይገኝም። ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ምንጭ ወይም የጠለፋ ውሃ በጓሮው የሚያልፍለት ገበሬ፣ አነስተኛ ኩሬ ቆፍሮ ለቤተሰቡ የሚሆን ዓሣ ሊያረባ ይችላል።

ይሁን እንጂ የዓሣ እርባታ ምክር ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው ለስምጥ ሸለቆና ለሌሎች ሞቃት ቦታዎች ነው። ያ ምክር እንዳለ ወደ ባሌ ደጋ ቢመጣ ገበሬው ገንዘቡንና ድካሙን ያጣል። በዚህ ጽሑፍ ለቀዝቃዛ ከፍተኛ ቦታ የሚስማማውን አሠራር እንገልጻለን። ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ በኩሬ ውስጥ ዓሣን በአብዛኛው የሚገድለው ራሱ ውሃው ነው። ስለሆነም ዓሣ አርቢ በመጀመሪያ ውሃ አርቢ መሆን ይኖርበታል።

2. የአካባቢው ጠባይ

ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከዚህ የተነሣ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ ቅዝቃዜ ነው። የሮቤ አማካይ የዓመት ሙቀት 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ውርጭ ይወርዳል። ዓሣ የሰውነቱ ሙቀት ከውሃው ጋር የሚወርድና የሚወጣ እንስሳ በመሆኑ፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ መብላትም ማደግም ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ የአየሩ መሳሳት ነው። በሮቤ ከፍታ በውሃ ውስጥ ሊሟሟ የሚችለው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ካለው እኩል ሙቀት ያለው ውሃ በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ለምሳሌ 15 ዲግሪ የሆነ ውሃ በባሕር ጠለል በአንድ ሊትር እስከ 10 ሚሊግራም ኦክሲጅን ሲይዝ፣ በሮቤ የሚይዘው 7.5 ሚሊግራም ያህል ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ከሞቃት ውሃ ይበልጥ ኦክሲጅን ስለሚይዝ ጉድለቱ በከፊል ይካካሳል። ሆኖም በባሌ ደጋ ኩሬን አብዝቶ በፍግና በምግብ መሙላት ከቆላው ይልቅ አደገኛ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

3. የዓሣ ምርጫ

ሀ/ ቆሮሶ፦ በሐይቆቻችን በብዛት የሚገኝና በገበያ የሚወደድ ዓሣ ነው። ነገር ግን ሙቀት ይሻል። ውሃው ከ16 ዲግሪ በታች ሲሆን መመገብ ያቆማል፤ ለመራባት ከ20 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ከ12 ዲግሪ በታች ሲወርድ መሞት ይጀምራል። ስለዚህ በሮቤና በጎባ ከቤት ውጭ ባለ ኩሬ እንዲያረቡት አንመክርም።

ለ/ ዱባ የሚባለው የካርፕ ዓሣ፦ በተሻለ ሁኔታ የሚያድገው ከ20 ዲግሪ በላይ ቢሆንም ቅዝቃዜን ይችላል፤ የረጋ ውሃንም ይቋቋማል። በመሆኑም ለጓሮ ኩሬ የሚሻለው ይህ ነው። በደጋ እድገቱ አዝጋሚ ስለሚሆን በቆላ እንደሚደረገው በ6 ወር ለምግብ ይደርሳል ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ቢያንስ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ መታገሥ ያስፈልጋል።

ሐ/ ትራውት፦ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ጅረቶች የተለቀቀ ባዕድ ዓሣ ሲሆን፣ በወይብ፣ በዳንካ፣ በሸያና በቶጎና ወንዞች ይታወቃል። ቀዝቃዛ፣ ጥሩና ሳያቋርጥ የሚፈስ ውሃ፣ እንዲሁም ብዙ ሥጋ ነክ ምግብ ይፈልጋል። በረጋ የጓሮ ኩሬ አይኖርም። ከዚህም በላይ ትራውት ትናንሽ የውሃ እንስሳትን አዳኝ ነው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ተራሮች ቀድሞ ዓሣ ባልነበረባቸው ሐይቆች ትራውት በመለቀቁ እንቁራሪቶች ክፉኛ ተመናምነዋል። በባሌ ተራሮች ደግሞ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የእንቁራሪት ዝርያዎች አሉ። ስለሆነም ትራውትንም ሆነ ዱባን ወደሌሉበት ጅረት መውሰድ ፈጽሞ አይገባም።

4. ቦታ መምረጥና መቆፈር

ኩሬው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝበትና ከነፋስ በመጠኑ የተከለለ ቦታ ይመረጣል። ጎርፍ ከሚሄድበት ዝቅተኛ ሥፍራና ከስንዴ ማሳ ግርጌ መራቅ አለበት።

ለጀማሪ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ኩሬ በቂ ነው። ጥልቀቱ በውሃ መግቢያው በኩል 80 ሳንቲ ሜትር፣ በመውጫው በኩል 1 ሜትር ከ50 እንዲሆን እንመክራለን። ጥልቁ ክፍል በውርጭ ሌሊት ለዓሣው መሸሸጊያ ይሆነዋል። የክትሩ አናት ከውሃው 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ሣርም ይተከልበት።

በአካባቢው የሚገኘው ጥቁር ኮትቻ አፈር ውሃ በመያዝ ጥሩ ነው፤ ሲደርቅ ግን በሰፊው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወለሉና ክትሩ እርጥብ ሳሉ በበሬ ወይም በሰው እግር በሚገባ ይረገጡ። ኩሬው ለጽዳት ደርቆ ከሆነ፣ አፈሩ አብጦ ስንጥቁን እስኪዘጋ ድረስ ጥቂት በጥቂት እየረጠበ እንጂ በአንድ ጊዜ መሞላት የለበትም።

ውሃ የሚያስገባው ቱቦ ወይም አሸንዳ ከኩሬው ውሃ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይደረግ። ውሃው እየተረጨ ሲወድቅ ከአየር ኦክሲጅን ይዞ ይገባል። በሞተር የሚሠራ የአየር መንፊያ በሌለበት ጓሮ ይህ ቀላል ዘዴ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል። በመግቢያውና በመውጫው ላይ ወንፊት ይደረግ፤ የመውጫው ውሃም በቀጥታ ወደ ወንዝ ሳይሆን ወደ አትክልት ቦታ ይመራ። ይህ ዓሣው እንዳያመልጥ ያግዛል፤ አትክልቱም ፍግ ያለበት ውሃ ያገኛል።

5. ውሃውን ማዘጋጀት

ኩሬው እንደተሞላ ዓሣ አይገባበትም። ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው።

ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ የሚባል መርዛማ ቆሻሻ ያስወጣል። የተረፈ ምግብና ፍግም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣል። በውሃና በጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ብዙ ጉዳት ወደሌለው ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱን አልጌ የሚባሉ ጥቃቅን አረንጓዴ እጽዋት ይመገቡታል። በአዲስ ኩሬ እነዚህ ባክቴሪያዎችና እጽዋት ገና አልተራቡም፤ ቅዝቃዜ ደግሞ መራባታቸውን ያዘገያል። በመሆኑም በባሌ ደጋ ከ3 እስከ 4 ሳምንት መጠበቅ ይገባል።

በዚህ ጊዜ 10 ኪሎ ያህል የከብት ፍግ በጆንያ ታስሮ በኩሬው ጥግ ይነከር፤ በየሳምንቱም ውሃው እየታየ ይጨመር ወይም ይቆም። የውሃው መድረስ የሚታወቀው በክንድ ነው። ክንድን እስከ ክርን በቀስታ አስገብቶ መዳፍን መመልከት፤

— ውሃው አረንጓዴ ሆኖ መዳፍ ልክ ክርን ሲደርስ ከጠፋ፣ ውሃው ደርሷል፤
— ክርን ከገባ በኋላም መዳፍ በግልጽ ከታየ፣ ፍግ ይጨመር፤
— ገና ግማሽ ክንድ ሳይገባ ከጠፋ፣ ፍግ ይቁም፤ ንጹሕ ውሃም ይግባ።

6. ጫጩት ማስገባት

ጫጩቶች ለማግኘት በሰበታና በባቱ የሚገኙትን የዓሣ ምርምር ማዕከላት በአካባቢው የልማት ሠራተኛ በኩል መጠየቅ ይቻላል። ለ100 ካሬ ሜትር ኩሬ 150 ጫጩት ይበቃል። ለመልቀቅ የሚመቸው ውርጩ አልፎ የገና ዝናብ በሚጀምርበት በመጋቢትና በሚያዝያ ነው።

በመጀመሪያ 5 ጫጩቶችን በቅርጫት አድርጎ ለ3 ቀን በኩሬው ውስጥ ማቆየት ብልህነት ነው። በደኅና ከቆዩ የቀሩት ይለቀቃሉ። ከሞቃት ቦታ የመጣ ጫጩት በድንገት ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ቢጣል ይሞታል። ስለዚህ ከረጢቱ ሳይፈታ ለ30 ደቂቃ በኩሬው ላይ ይንሳፈፍ፤ ከዚያም ተፈቶ የኩሬው ውሃ በጣሳ ጥቂት በጥቂት ይጨመርበት፤ በመጨረሻም ጫጩቶቹ ራሳቸው ዋኝተው ይውጡ።

7. አመጋገብ

ፉሩሽካና ፋጉሎ ተደባልቆ ይሰጣል። መጠኑ በውሃው ሙቀት ይወሰናል። ውሃው ከ18 ዲግሪ በላይ ሲሆን ከዓሣዎቹ ጠቅላላ ክብደት 3 በመቶ፣ ከ13 ዲግሪ በታች ሲሆን 1 በመቶ ያህል በቀን ይበቃል። ለምሳሌ 150 ዓሣዎች እያንዳንዳቸው 50 ግራም ቢመዝኑ ጠቅላላው 7.5 ኪሎ ይሆናል፤ በሞቃት ቀን 225 ግራም፣ በቀዝቃዛ ቀን 75 ግራም ይሰጣቸዋል ማለት ነው። ምግቡ ውሃው በሚሞቅበት ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይሰጥ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጨረሱት በማግሥቱ ይቀነስ።

8. የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ኩሬን ለመመርመር የሚሻለው ሰዓት ንጋት ነው። አልጌዎች ቀን በፀሐይ ኦክሲጅን ይሰጣሉ፤ ሌሊት ግን እነርሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳሉ። ስለዚህ ኦክሲጅን እጅግ የሚያንሰው ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ነው። ቀን ብቻ የሚጎበኝ ሰው ችግሩን ሳያይ ዓሣዎቹ ያልቁበታል።

ሀ/ ዓሣዎች ንጋት ላይ በውሃው ገጽ አፋቸውን ይከፍታሉ። የኦክሲጅን እጥረት ነው። ምግብና ፍግ ወዲያውኑ ይቁም፤ ንጹሕ ውሃ እየተረጨ ይግባ፤ ውሃው በቅርንጫፍ ይመታ። ከተከታታይ ደመናማ ቀናት በኋላ ይህ ችግር በተለይ ይጠበቃል።

ለ/ ዓሣዎች አይበሉም፤ በገጹ ላይ ግን አይታዩም። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ቅዝቃዜ ነው። ውሃው በቴርሞሜትር ይለካ። ቀዝቃዛ ከሆነ ምግብ ይቀነስ እንጂ «ራባቸው» ተብሎ አይጨመር። የሚጨመረው ምግብ በስብሶ አሞኒያ ይሆናል።

ሐ/ ውሃው ይጎድላል። ምልክት ያለበት እንጨት ይተከል። ዝናብ በሌለበት ውሃ ሳይገባና ሳይወጣ በቀን ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከጎደለ የሚሰርግበት ቦታ አለ። በክትሩ ውጪ እርጥበት ይፈለግ፤ ስንጥቁ ተቆፍሮ በረጠበ ሸክላማ አፈር ይደፈን።

መ/ ውሃው ቡናማ ይሆናል። ጎርፍ ከገባ የማፋሰሻ ቦይ በላይ በኩል ይቆፈር። ጎርፍ ሳይኖር ከሆነ ዱባ ዓሣ ጭቃ እየቆፈረ ምግብ ስለሚፈልግ ነው፤ ዓሣው ከበዛ ቁጥሩ ይቀነስ።

ሠ/ በዓሣው ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ይታያል። በአያያዝ ወይም በጉዞ ቆዳው በተጎዳ ዓሣ ላይ የሚበቅል ሻጋታ ነው። 1 ኪሎ ጨው በ100 ሊትር ውሃ ሟሙቶ ዓሣው እስከ 10 ደቂቃ ይነከርበት። ከተገለበጠ ወዲያው ወደ ንጹሕ ውሃ ይመለስ። ጨው በኩሬው ውስጥ አይጨመር።

ረ/ ዓሣዎች በድንገት ያልቃሉ። በዚህ ጊዜ የሞቱትን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ትልልቆቹ ቀድመው ከሞቱና ጊዜው ንጋት ከሆነ ምክንያቱ የኦክሲጅን እጥረት ሊሆን ይችላል። ትንሹም ትልቁም፣ የውሃ ነፍሳትና እንቁራሪቶችም አብረው ከሞቱ ግን መርዝ ይጠርጠር።

በባሌ የስንዴ ማሳ የዋግ፣ የአረምና የተባይ መድኃኒቶች ይረጫሉ። በተለይ አንዳንድ የነፍሳት ማጥፊያዎች እጅግ በጥቂቱ እንኳ ዓሣን ይገድላሉ። ስለዚህ የመርጫ መሣሪያ በኩሬው ወይም ወደ ኩሬው በሚሄደው ቦይ አይታጠብ፤ ነፋስ ወደ ኩሬው ሲነፍስ አይረጭ፤ ጎረቤት ሲረጭ የመግቢያው ውሃ ይዘጋ። ለዚህም ኩሬ ያለው ገበሬ ከመርጫው ወራት በፊት ከጎረቤቶቹና ከላይ በኩል ውሃውን ከሚጠቀሙት ጋር መነጋገር አለበት። በመርዝ የተጠረጠረ ዓሣ አይበላም፤ ለውሻም ለዶሮም አይሰጥም፤ ይቀበራል።

9. ማጠቃለያ

ከላይ ከተገለጹት ችግሮች አብዛኞቹ ከመባባሳቸው በፊት ምልክት ይሰጣሉ። በየንጋቱ ገጹን ማየት፣ በየቀኑ የምግቡን ትራፊ መመልከት፣ በየሳምንቱ በክንድ አረንጓዴነቱን፣ በእንጨቱ ጉድለቱን መለካት የጥቂት ደቂቃዎች ሥራ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ምርቱ ለቤተሰብ ምግብ እንዲሆን ይታቀድ። ኩሬው አንድ ውርጭና ሁለት የዝናብ ወራት በደኅና ካለፈ በኋላ፣ ገበሬው የራሱን ውሃ ጠባይ ያውቃል፤ ሁለተኛ ኩሬ ለመቆፈርና ለገበያ ለማሰብ ተገቢው ጊዜ ያኔ ነው።