ትምህርት አሥራ ሁለት፦ ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ይህን ትምህርት ስትጨርሱ በዐይን የታየውን፣ በጆሮ የተሰማውንና በግምት የተደረሰበትን ለይታችሁ ለመናገርና ለመጻፍ ትችላላችሁ።

ሀ. ምንባብ

አባቶቻችን «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» ይላሉ። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ቃሉ አጭር ቢሆንም የሚገሥጸው ሁለት ሰዎችን ነው። አንደኛው የጀግንነት ሥራ ሳይሠራ የጀግና ምልክት የሚያደርግ ሰው ነው፤ በጥንቱ ልማድ ጎፈሬ ማሳደግ ጠላት ወይም አውሬ የገደለ ሰው ምልክት ነበርና። ሁለተኛው የሰማውን ሳያጣራ የሚያወራ ሰው ነው። ብዙዎች የፊተኛውን ሐረግ አንሥተው በሐሰተኛ ጀግና ላይ ይፈርዳሉ። የኋለኛው ሐረግ ለፈራጁም ጭምር እንደ ተነገረ ግን ልብ አይሉም።

የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ የጎጃም ሕዝብ አርፎ አልተገዛም። በተለይ ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ አመፁ እየተፋፋመ ሄደ። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ልጅ ኃይሉ በለውና በቢቸና በኩል አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ ጦር አሰልፈው ጠላትን ተዋጉ። ጠላት በቢቸናና በሞጣ ምሽግ ሠርቶ ስለ ተቀመጠ ከተማው በጠላት እጅ ሲሆን ገጠሩ የአርበኛ መዋያ ሆነ። በዚህም ምክንያት በአንድ ወረዳ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰዎች ይኖሩ ነበር። በዱር በገደል የሚዋጋው አርበኛ ይባላል። ለጠላት ያደረው ባንዳ ይባላል። በጠላት ከተማ እየኖረ ለአርበኞች ስንቅ፣ ጥይትና ወሬ የሚያቀብለው ደግሞ የውስጥ አርበኛ ይባላል። በአዲስ አበባ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ የሠሩት እንዲህ ያለውን ሥራ ነበር፤ ስለዚሁም ተይዘው ወደ ኢጣሊያ አገር በግዞት ተወስደዋል።

ልብ በሉ፤ የውስጥ አርበኛ ሥራው የሚሳካለት ባንዳ መስሎ ሲታይ ነው። እውነተኛነቱን የሚያውቁት እጅግ ጥቂት ሰዎች ናቸው። እነርሱ ከሞቱ ምስክር የለውም።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ለአርበኞች ሜዳልያ ተሰጠ፤ ሹመት ያገኙም ነበሩ። ክብርና ጥቅም ባለበት ደግሞ ሐሰተኛ አይጠፋም። ባንዳ የነበረ ሰው አርበኛ ነኝ ብሎ ከእውነተኞቹ ጋር ተቀመጠ የሚለው ቅሬታ በአርበኞች ዘንድ ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል። እውነቱን ከሐሰቱ ለመለየትም በየዓመቱ አስቸጋሪ እየሆነ ሄደ። ለምሳሌ በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጥቶ ሲሞት፣ «ይህ ሰው ከእኔ ጋር ዘምቷል» ወይም «አልዘመተም» ብሎ ለመናገር የሚችለው ዋናው ምስክር አብሮ ተቀበረ።

አሁን ለትምህርት የተፈጠረውን የሚከተለውን ታሪክ በሐሳባችሁ ሣሉ።

ነጻነት ከተመለሰ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። በሞጣ በአንድ ሰርግ ቤት እንግዶች ተሰብስበዋል። በዕድሜ የገፉ አንድ ሰው ተነሥተው «ዘራፍ!» ብለው ይፎክራሉ፤ ለአገራቸው እንደ ደከሙም ይናገራሉ። በዚህ ጊዜ አባቱ በጦርነቱ የሞተበት አንድ ወጣት ብድግ ብሎ፣ «ሐሰት ነው! ይህ ሰውዬ ባንዳ ነው! ወደ ጣልያን ምሽግ እህል ሲያስገባ በዐይኔ አይቻለሁ!» ይላል። ሰርግ ቤቱ ጸጥ አለ። የሽማግሌው ልጆች አንገታቸውን ደፉ።

ጥቂት ቆይተው አንድ ሽበታም አርበኛ ከጥግ ተነሡና፣ «ልጄ፣ ያየኸው እውነት ነው» አሉ። «እኒህ ሰው እህል ይዘው ይገቡ ነበር። ሲወጡ ግን በባዶው ስልቻ ውስጥ ጥይት ይዘውልን ይወጡ ነበር። ከወንዙ ዳር የምቀበላቸው እኔ ነበርሁ። አባትህ የተኮሰው ጥይት በእርሳቸው እጅ ያለፈ ነው።»

ወጣቱ አልዋሸም። ዐይኑ ያየው እህል የጫነ ሰው ነው፤ አንደበቱ የተናገረው ግን ባንዳ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት በቁጣና በሐዘን ሞላው። ሽበታሙ አርበኛ በዚያ ቀን በሰርጉ ላይ ባይገኙ ኖሮ የአንድ ቤተሰብ ስም በሐሰት ጠፍቶ ይቀር ነበር።

«እንግዲያውስ ፎካሪው በእርግጥ ሐሰተኛ ቢሆን ዝም ይባላልን?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አይባልም። ሐሰተኛው የሚወስደው በየዱሩ የወደቁትን ሰዎች ክብር ነውና ዝምታ እነርሱን ይበድላል። ነገር ግን የሚጠየቅበት አግባብ አለ። የጥንቱ ፉከራ ራሱ ይህን ያስተምራል። ፎካሪው በአደባባይ የሚናገረው አብረውት የዋሉት እየሰሙት በመሆኑ ቢዋሽ ወዲያው ይታወቅበታል። ስለዚህ ተጠራጣሪው «ባንዳ!» ብሎ በመጮህ ፈንታ፣ «አባቴ፣ በማን ጦር ነበሩ? የት የት ዋሉ? አብሮዎት የዋለ ማን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ጥያቄ እውነተኛውን አያዋርደውም፤ እንዲያውም የሚተርከው ነገር ይጨምርለታል። ሐሰተኛው ግን ስም ሲጠሩለትና ቦታ ሲጠይቁት ይጨንቀዋል።

ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1914 ጦርነት በተጀመረ ጊዜ፣ የወታደር ልብስ ያልለበሰ ወጣት በመንገድ ሲያዩ የፈሪ ምልክት የሆነ ነጭ ላባ የሚሰጡ ሴቶች ነበሩ። ላባው ግን ለዕረፍት ለመጡና ቆስለው ለተመለሱ ወታደሮች ጭምር ደረሰ። በአሜሪካ ደግሞ ያላገኙትን የጦር ሜዳልያ አገኘሁ ማለትን የሚቀጣ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቶ፣ በ2012 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሻረ። በ2013 የወጣው ሌላ ሕግ የሚቀጣው በሐሰቱ ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም ለማግኘት ያሰበውን ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። እስኪጠራ ድረስ ግን በአንደበታችን የምንጠነቀቀው እኛ ነን።

ለ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. ምሳሌያዊ አነጋገሩ የሚገሥጻቸው ሁለቱ ሰዎች እነማን ናቸው?
2. የውስጥ አርበኛን ከባንዳ ለመለየት የሚያስቸግረው ለምንድን ነው?
3. ወጣቱ ካየው ነገርና ከተናገረው ቃል መካከል ያለውን ልዩነት አስረዱ።
4. «ዝምታ እነርሱን ይበድላል» ሲል «እነርሱ» የሚለው ተውላጠ ስም ማንን ይተካል?

ሐ. የቃላት ጥናት

ባንዳ፦ ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ሲሆን፣ በወረራው ዘመን ለጠላት ያደረ ሰው መጠሪያ ሆነ።
ፉከራ፦ ጀግና የሠራውን በአደባባይ እየደነፋ የሚናገርበት ሥነ ቃል።
ዋለ፦ በዚህ ምንባብ በጦር ሜዳ ተሰለፈ፣ ተዋጋ ማለት ነው። ቃሉ በተለመደው አነጋገር የሚሰጠውን ሌላ ፍቺ በዓረፍተ ነገር አሳዩ።

መ. ሰዋስው

አማርኛ የተናጋሪውን የእርግጠኛነት መጠን በግሥ ቅርጽ ለይቶ ያሳያል። የሚከተሉትን አስተያዩ።

1. ዘምተዋል። (ማረጋገጫ፤ ተናጋሪው ምስክር ቢጠየቅ ማቅረብ ይገባዋል።)
2. ዘምቻለሁ ይላሉ። (የባለቤቱ የራሱ ቃል)
3. ዘምተዋል ይባላል። (ተናጋሪው ያልታወቀ ወሬ)
4. ሳይዘምቱ አልቀሩም። (ወደ አዎንታ ያዘነበለ ግምት፤ ሁለት አሉታዎች በአንድነት መግባታቸውን አስተውሉ።)
5. ዘምተው ይሆናል። (ጥርጣሬ)

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚያሻው «አልዘመቱም» እና «ሲዘምቱ አላየሁም» የሚሉትን እንዳታደባልቁ ነው። የፊተኛው ስለ ሽማግሌው ይናገራል፤ የኋለኛው ግን ስለ ተናጋሪው ዐይን ብቻ ይናገራል። ብዙ ሰው የኋለኛውን አውቆ የፊተኛውን ይናገራል። የሰው ስም የሚጠፋውም በዚህ ነው።

እንደዚሁም «ሳይገድሉ» እና «ሳያጣሩ» የሚሉት አሉታዊ ግሦች ናቸው፤ አዎንታቸው «ሲገድሉ» እና «ሲያጣሩ» ነው። በምሳሌያዊ አነጋገሩ ውስጥ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ማሰሪያ አንቀጽ ተትቷል። ተገቢውን ማሰሪያ አንቀጽ ጨምራችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጉት።

ሠ. የጽሕፈት ልምምድ

1. የወጣቱን ንግግር፣ ያየውን ብቻ እንዲናገርና የቀረውን በጥያቄ እንዲያቀርብ አድርጋችሁ እንደ ገና ጻፉት። ለታላቅ ሰው የሚገባውን የአክብሮት አነጋገር አትርሱ።
2. ከቤተሰባችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ በዕድሜ የገፋ ሰው ስለ አንድ ዘማች የሚያውቀውን ጠይቁ። የሰማችሁትን በሦስት አንቀጽ ስትጽፉ፣ በመጀመሪያው ተራኪው በዐይኑ ያየውን፣ በሁለተኛው ከሌላ የሰማውን፣ በሦስተኛው የራሱን ግምት አስፍሩ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለነገራችሁ ሰው አንብቡለት፤ ያላለውን ጨምራችሁ እንደ ሆነ ይነግራችኋል።