የአደራ ጠባቂ ሙያ

ነጋዴ ሀብቱን ለልጆቹ በአደራ ለማስቀመጥ ሲያስብ የጠባቂውን ሙያ አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል። በላስታ የላሊበላን ንዋያተ ቅድሳት የሚጠብቀው ገበዝ የሚወጣው ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንጂ ከሒሳብ ቤት አይደለም። በ1989 ዓ.ም. «አፍሮ አይገባ» የተባለው የወርቅ መስቀል ተሰርቆ ቤልጂግ ከደረሰ በኋላ መመለሱ ይታወሳል፤ ስለዚህ ቁልፍና ቆጠራም ያስፈልጋሉ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 516 ጀምሮ፣ በስጦታ ወይም በኑዛዜ የተሰጠ የአደራ ንብረት ራሱን ችሎ እንዲቆም፣ ጠባቂውም በሰጪው ትእዛዝ መሠረት እንዲያስተዳድረው ይደነግጋል። ሰነዱን ሕግ ዐዋቂ ያረቅቃል፣ ሒሳቡን የሒሳብ ሰው ይመረምራል፤ መደብሩን ለማስኬድ ግን ንግድ ያደገበት ሰው ይሻላል። ዘመድነት ሙያ አይደለምና በዚሁ ብቻ መምረጥ አይገባም። የዕቃው ዝርዝር አደራው በተሰጠበት ዕለት ተጽፎ ይፈረም።