«ስልኩን ስነጥቃቸው ቤቱ ይናጋል»

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጇ እትዬ፤ የምጽፍልዎ ከካምፓላ፣ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ኪኮኒ ከሚባል ሰፈር ነው። ባለቤቴ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የዶክትሬት ተማሪ ነው። እኔ ቤት ውስጥ እንጀራ እየጋገርኩ ካባላጋላና ካንሳንጋ ላሉ ሐበሾች እሸጣለሁ። የአሥር ዓመት ወንድ፣ የስድስት ዓመት ሴትና የሦስት ዓመት ወንድ ልጆች አሉኝ። ትምህርት ቤት ለረጅሙ ዕረፍት ከተዘጋ ወዲህ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተፋፍገን እንውላለን። ምጣዱ ሲሞቅ እንዳይጠጉኝ ስልኬን እሰጣቸዋለሁ። መጀመሪያ ለግማሽ ሰዓት ነበር፤ አሁን ግን ፊታቸውን ሳይታጠቡ የሚጠይቁኝ እሱን ሆኗል። ስልኩን ስነጥቃቸው ቤቱ ይናጋል። ባለፈው ሳምንት ትልቁ በዚሁ ነገር እህቱን መታብኝ። ትንሹ ደግሞ ካርቱን ካልተከፈተለት አይጎርስም። አባታቸው ማታ ይገባና «ሰብረሽ ጣይው» ይለኛል፤ ከዚያ የራሱን ስልክ ይዞ ይቀመጣል። ደጅ እንዳልለቃቸው ቦዳ ቦዳ የሚሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲ ያስፈራኛል። ከጎረቤት ልጆች ጋር ቢውሉም የቀረቻቸው አማርኛ ትጠፋለች ብዬ እሰጋለሁ። ምን ላስይዛቸው? ልጆቼን እያበላሸሁ ይሆን?

እናት ነኝ፣ ከማኬሬሬ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሣ። ልጆችሽን አላበላሸሽም። አያትና አክስት በሌሉበት አገር፣ የጋለ ምጣድ ባለበት ጠባብ ቤት፣ ሦስት ልጅ እየጠበቅሽ እንጀራ ጋግረሽ ቤትሽን ትደጉሚያለሽ። ስልኩን የሰጠሻቸው እሳት እንዳይነካቸው ነው። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብቻ አይደለም። እናት በጸጸት ተነሥታ የምታወጣው ሕግ ሁለት ቀን ይጠነክርና በሦስተኛው ይላላል፤ ልጆች ደግሞ የሚላላበትን ቀን መጠበቅ ይችሉበታል።

ወደ ዋናው ልግባ። «ምን ላስይዛቸው?» ስትዪ፣ የምትፈልጊው ልጆቹን ከሥራሽ አርቆ ጸጥ የሚያሰኝልሽ ሌላ ነገር ነው። በዚህ ሥራ ስልክን የሚያሸንፍ መጫወቻ የለም፤ ብትገዢም ገንዘብሽ ይባክናል። እኔ የምመክርሽ ተቃራኒውን ነው። ልጆቹን ወደ ሥራሽ አስገቢያቸው።

ትልቁ አሥር ዓመቱ ነው፤ መደመርና መቀነስ ያውቃል። የእንጀራ ትእዛዝ የምትጽፊበትን ደብተር ዛሬውኑ አስረክቢው። ማን ስንት አዘዘ፣ ማን ከፈለ፣ ስንት ሺሊንግ ቀረ የሚለውን እሱ ይመዝግብ፤ ማታ ሒሳቡን ለአባቱ ያቅርብ። ሴቷ ምስር ትልቀም፣ ነጭ ሽንኩርት ትላጥ፣ የቀዘቀዘውን እንጀራ እየቆጠረች ትደርድር። በሳምንቱ ደግሞ ሥራቸውን ቀያይሪላቸው። ወንዱም ሽንኩርት ይላጥ፣ ሴቷም ደብተር ትያዝ፤ የስድስት ዓመት ልጅ እንጀራ መቁጠርና ቁጥሩን መጻፍ አያቅታትም። ለትንሹ በጣሳ ጥቂት ሊጥ፣ ማንኪያና አሮጌ ጨርቅ ስጪው። ሊጡን ይደፋዋል፤ ከዚያ ይወለውላል፤ ለእሱ ሁለቱም ጨዋታ ነው። ወለሉ ላይ በጠመኔ ወፍራም መስመር አስምሪ፤ ምጣዱ በጋለ ጊዜ ያን መስመር የሚያልፍ ልጅ አይኖርም። በዚህ ሕግ አትደራደሪ። ሥራሽ መዘግየቱ አይቀርም። ስለዚህ ለመጀመሪያው ሳምንት ከደንበኞችሽ የምትቀበዪውን ትእዛዝ ቀነስ አድርጊ።

ስለ ትንሹ ለብቻ የምለው አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ ይመክራል፤ ከዚያም ቢያንስ ይሻላል ይላል። በዚሁ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ ሦስት ሰዓት መንቀሳቀስ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀረው የምግብ ሰዓቱ ካርቱን ነው። አንድ ሁለት ጊዜ አልበላም ብሎ ቢነሣ አትደንግጪ፤ ሲርበው ይመጣል። እየቆየ ምግብ እንቢ ካለና ከከሳ ግን ለሐኪም አሳዪው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለቅሶ ይበዛባቸዋል። ሲያለቅስ አቅፈሽ አባብዪው፣ ስልኩን ግን አትስጪው። ለለቅሶ አንዴ ከሰጠሽው ነገ የበለጠ ያለቅሳል።

ስልክን ከቤት ጨርሰሽ አጥፊ አልልሽም። በ2009 ዓ.ም. ያረፉትን አባባ ተስፋዬን በቴሌቪዥን እያየን ያደግን ብዙ ነን፤ አልጎዳንም። ተሰብስበን እናይ፣ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ያልቅ፣ ከዚያ ተረቱን እርስ በርስ እየተረክን እንሰነብት ነበር። ያንቺ ልጆች የያዙት ስልክ ግን በራሱ አያልቅም፤ አንዱ ካርቱን ሲያበቃ ሌላው ራሱ ይጀምራል። ማለቂያውን አንቺ አብጂለት። አመሻሽ ላይ፣ ሥራሽ ካለቀ በኋላ፣ አብራችሁ ተቀምጣችሁ አንድ የመረጣችሁትን እዩ። ከዚያ ስልኩ የልጆች እጅ ከማይደርስበት ቁም ሣጥን ላይ ይውጣ።

የጎረቤት ልጆችን ነገር እንድታስቢበት አጥብቄ እለምንሻለሁ። የምትኖሪው ልጅን ያለ ትምህርት ቤት ማዋል ምን ማለት እንደሆነ ከሁሉ በላይ በሚያውቁ ሰዎች መካከል ነው። ኡጋንዳ በኮሮና ምክንያት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶቿን ዘግታ፣ በመሐል ለአንዳንድ ክፍሎች ብትከፍትም፣ ሙሉ በሙሉ የከፈተችው ጥር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። በዓለም ላይ ይህን ያህል ለረጅም ጊዜ ትምህርት ቤት የዘጋ አገር አልነበረም ተብሏል። ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር፤ ሁለቱም የሌሉት ቤት ግን ብዙ ነበር። በግቢሽ ያሉ እናቶች ያን ሁሉ ጊዜ እንዴት እንዳሳለፉት ሄደሽ ጠይቂያቸው። እኔ ከሩቅ ከምጽፍልሽ የእነሱ ይበልጣል።

ልጆቻቸው የሚጫወቱትን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ሶንኮ የሚሉት የእኛው ሰኞ ማክሰኞ ነው፤ ዱል የሚሉት ብይ ነው። ክዌፔና በኳስ መምታትና መሸሽ ነው፤ ኳሱን ከደረቀ የሙዝ ልጥ ይሠሩታል፤ እኛ ከጨርቅ እንደምንሠራው ማለት ነው። ኦምዌሶም ከገበጣ ወገን ነው፤ ሠላሳ ሁለት ጉድጓድና ስድሳ አራት ፍሬ አለው። ከሱቅ ሠላሳ እንቁላል የሚይዝ ባዶ ካርቶን አምጪና ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያላቸውን ሁለት ረድፎች ቁረጪ። በየጉድጓዱ አራት አራት ባቄላ አድርጊና በልጅነትሽ በምታውቂው ሕግ ገበጣ አስተምሪያቸው። ከዚያ ትልቁ ሁለት ካርቶን ገጣጥሞ ኦምዌሶውን ከጎረቤት ይማር። ልጅ እየዘራና እየለቀመ ሲቆጥር ሰዓቱ እንዴት እንደሚሄድ ታያለሽ።

ቦዳ ቦዳውን መፍራትሽ ልክ ነው፤ ከግቢ በር እንዳይወጡ። ከሁለት ሦስት እናቶች ጋር ግን ተራ ግቡ። አንድ ቀን አንዷ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ የሁሉንም ልጆች ትጠብቅ፤ አንቺ የምትጋግሪበት ቀን የሌላዋ ተራ ይሁን። ተራሽ ሲደርስ አንቺም በሙሉ ልብሽ ጠብቂላቸው።

ለአማርኛቸው አትስጊ። ሉጋንዳ ቢጨምሩ ትርፍ ነው። አማርኛ የሚጠፋው ቤት ውስጥ የሚያወራቸው ሲያጡ ነው፤ ስልኩም የሚያወራቸው በአማርኛ አይደለም። ማታ ማታ እራት ከተበላ በኋላ መብራቱን ቀነስ አድርገሽ እንቆቅልሽ ጀምሪ። መልሱን ያጣ «አገር ስጠኝ» ሲባል ጎንደርን ይስጥ፣ ጂንጃን ይስጥ፣ ማኬሬሬንም ይስጥ። ተረት አለቀብኝ ካልሽ ወደ እናትሽ ደውዪና ድምፅ ማጉያውን ክፈቺ፤ አያታቸው ታውራላቸው። ለዚህ ለዚህ ስልክ ይባረክ። ዕረፍታቸው ገናንና ጥምቀትን የሚይዝ መሆኑም ዕድል ነው። የገና ዱላ ከቅርንጫፍ ይቁረጡ፣ ሩሩን ከጨርቅ ይጠቅልሉ፣ ከግቢው ልጆች ጋር ይጫወቱ።

አንድ ነገር ደግሞ ቻይ። ቀኑን ሙሉ ሥራና ጨዋታ ልትሞዪላቸው አትሞክሪ። «ሰለቸኝ» ብሎ የሚመጣ ልጅ አልታመመም። «እሺ» በዪውና ሥራሽን ቀጥዪ። ትንሽ ይነጫነጫል፣ ይጋደማል፣ ጣሪያ ያያል፣ ከዚያ ወንበር ገልብጦ ታክሲ ያደርገዋል። ስልክ ያለበት ቤት ልጅ እዚህ ሳይደርስ ስለሚቋረጥ ነው መጫወት የማይችል የሚመስለው።

አሁን ለባለቤትሽ። ወንድሜ፣ ጥናትህ ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን የራስህን ስልክ እያየህ «ሰብረሽ ጣይው» ማለት ምክር አይደለም፤ ልጆችህም ከምትናገረው ይልቅ የምታደርገውን ያያሉ። ከእራት እስከ መኝታ ያንተም ስልክ ቁም ሣጥኑ ላይ ይውጣ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱንም ይዘህ ውጣ። ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪ የሚመላለስበትን የማኬሬሬን ኮረብታ አስወጣቸው፤ የምትማርበትን ክፍል አሳያቸው፣ ሣሩ ላይ ይሩጡ። ካሎሊ የሚሏቸውን፣ ሐዋሳ ዓሣ ገበያ ላይ እንደሚቆሙት ያሉ ግዙፍ ወፎች ዛፍ ዛፉ ላይ ያስቆጥሩህ። ስትመለሱ ዋንዴጌያ ላይ አንድ ሮሌክስ፣ ያን እንቁላል የተጠቀለለበትን ቻፓቲ፣ ለአራት ተካፈሉ። ሌላ ቅዳሜ ኪራ መንገድ ላይ ወዳለው የኡጋንዳ ሙዚየም ውሰዳቸው፤ ከበሮውንና በገናውን ይዩ። እናታቸው በእነዚያ ሰዓታት ትተኛ፣ ወይም እሷም ሰው ትጠይቅ።

እህቴ፣ ይህን ገጽ ለባለቤትሽ አስነብቢው። የቅዳሜ ጠዋቱ ድርሻ የእሱ ነው፤ ከዚሁ ሳምንት ይጀምር።