ካርታና ግራፍ ስለ ዝናም የሚገልጹትና የሚሰውሩት

የአንድን አገር ጠባይ ባንድ ጊዜ ለማሳየት ካርታን የሚተካከል የለም። የኤርትራን ዓመታዊ ዝናም በቀለም የለየ ካርታ ቢዘረጋ፥ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው አሥመራ ከምጽዋ ይልቅ ብዙ ዝናም እንደምታገኝ ወዲያው ይታያል። ዳሩ ግን ካርታው ወሩን አይናገርም። የአሥመራ ዋና ዝናም በሐምሌና በነሐሴ ሲወርድ፥ ምጽዋ የምታገኘው ጥቂት ዝናም የሚወርደው ደጋው በሚደርቅበት በበጋው ወራት ነው። ከብቱን ይዞ ወደ ባሕሩ ቆላ የሚወርደው እረኛ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ካርታውን ብቻ የተመለከተ ሹም ግን ቆላው ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው ብሎ የግጦሹን ስፍራ ለሌላ ሥራ ሊመድበው ይችላል።

የየወሩን ዝናም በዓምድ የሚያሳይ ግራፍ ይህን ጉድለት ይሞላል። ሆኖም ግራፉ የሚመሰክረው ዝናሙ ስለ ተለካበት ስፍራ ብቻ ነው። የሁለቱን ከተሞች ግራፍ ያየ ሰው፥ ከአሥመራ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለው የሰሜናዊ ባሕሪ ተዳፋት የክረምቱንም የበጋውንም ዝናም እንደሚቀበል ከቶ አይገምትም። ከዚህም በላይ ሁለቱ ግራፎች ባንድ ልክ ካልተሠሩ የምጽዋ ካፊያ ከአሥመራ ክረምት ጋር የተካከለ መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ ዓምዶቹን ከመመልከት አስቀድሞ በግራፉ ጠርዝ የተጻፈውን የሚሊሜትር ቍጥር ማንበብ ይገባል።