ትራንስፈር ኬዝ ሲወርድ፦ ለሰበካ ጉባኤያትና ለልማት ኮሚቴዎች የተዘጋጀ ትምህርት

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በየብስ የሚጓዝ የመስክ መኪና በክረምት ጭቃውን የሚያልፈው በሞተሩ ጉልበት ብቻ አይደለም። ከካምቢዮው ጀርባ የተጋጠመ አንድ የብረት ሣጥን የሞተሩን ኃይል ተቀብሎ ለፊትና ለኋላ ጎማዎች ያከፋፍላል። ባለሙያዎች ትራንስፈር ኬዝ ይሉታል። በዚህ ትምህርት ሣጥኑ ለጥገና ሲወርድ ሥራው እንዴት እንደሚከናወን እንመለከታለን። ዓላማው አባቶቻችንና የኮሚቴ አባላት ቁልፍ ይዘው ከመኪና ሥር እንዲገቡ አይደለም። ወጪውን የሚያጸድቁት፣ መኪናው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ሲፈታም ቆመው የሚያዩት እነርሱ ስለሆኑ ነው።

እንደ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ባሉ መኪኖች በደኅና መንገድ ላይ የሚሠሩት የኋላ ጎማዎች ብቻ ናቸው። ሾፌሩ ሁለተኛውን ማርሽ ሲያስገባ የፊቶቹም ይጎትታሉ፤ ወደ ዝቅተኛው ሲያወርደው ደግሞ ፍጥነቱ ቀንሶ ጉልበቱ ከ2 እስከ 2 ተኩል እጥፍ ያህል ይጨምራል። መኪና በሚዞርበት ጊዜ ግን የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚጓዙት ርቀት እኩል አይደለም። በጭቃ ላይ ጎማው ጥቂት ስለሚንሸራተት ልዩነቱ ይካካሳል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ መንሸራተቻ ስለሌለ ጫናው ሁሉ በጥርሶቹና በክሮቸራዎቹ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከዘጌ ጭቃ ወጥቶ ባሕር ዳር አስፋልት ላይ ሲደርስ ማርሹን የማይመልስ ሾፌር ሣጥኑን በየዕለቱ እያደከመው ነው ማለት ይቻላል።

ሣጥኑ ይውረድ ከመባሉ በፊት ኮሚቴው አንድ ነገር ይጠይቅ፦ የካምቢዮውና የሣጥኑ ዘይት ልክ ታይቷልን? በሁለቱ መካከል ያለው የዘይት ማገጃ ላስቲክ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ውጭ ሳይንጠባጠብ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ አንደኛው ከልኩ በላይ ሞልቶ ሌላው ጎድሎ ይገኛል። ከመኪናው ሥር የዘይት ጠብታ ስለማይታይ ብዙዎች አይጠረጥሩም፤ የጎደለው ሣጥን ግን ጥርሱና ኩሽኔታው እየተበላ ይጮኻል። የዘይቱ መልክም ይታይ። ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። የጋለ ሣጥን ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር በድንገት ቀዝቅዞ ይኮማተራል፤ መተንፈሻ ቱቦው ከተቆረጠ ወይም ከተደፈነ ውኃውን በዚያው ወይም በላስቲኮቹ በኩል ይስባል። ቱቦው ካልተስተካከለ ዘይት መለወጥ ብቻውን ገንዘብ ማባከን ነው።

ሕይወትን የሚመለከተው ክፍል ቀጥሎ ያለው ስለሆነ በጥሞና ይነበብ። ሣጥኑ ከመውረዱ በፊት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዲፈረንሻሎች የሚሄዱት ፕሮፔለር ሻፍቶች ይፈታሉ። እነርሱ ከተፈቱ በኋላ ማርሽ ማስገባት መኪናውን አያቆመውም፤ ሞተሩና ጎማው ተለያይተዋልና። በአሮጌው ሞዴል ላንድሮቨር ዲፌንደርና ከእርሱ በፊት በነበሩት ላንድሮቨሮች ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የእጅ ፍሬናቸው የተተከለው በጎማው ላይ ሳይሆን በዚሁ ሣጥን ጀርባ ነው። የኋላው ሻፍት ሲፈታ የእጅ ፍሬኑ እንደተሳበ ቢቆይም ጎማዎቹ ነፃ ናቸው፤ ኮረብታማ በሆነው ዘጌ ይህ ከሥሩ ለተኛው ሰው ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። ስለዚህ አንዲት ብሎን ሳትፈታ መኪናው በሜዳ ላይ ይቁም፣ ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም በጠንካራ እንጨት ይወተፉ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይነቀል። በክሪክ ብቻ ወይም በተደራረበ ድንጋይ ላይ በተነሣ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ መከልከል የኮሚቴው ሥልጣን ነው፤ ባለሙያው ቢያጉረመርምም።

ዘይቱ ሲፈስስ መጀመሪያ የሚላላው የላይኛው የመሙያ ቡሎን ነው። የታችኛውን ቀድሞ አፍስሶ የላይኛው እንቢ ቢል መኪናው ዘይት አልባ ሆኖ በዚያው ይቀራልና። ሻፍቶቹ ከመፈታታቸው በፊት መጋጠሚያቸው ላይ ምልክት ይደረግ፤ እንደነበሩ ካልተመለሱ መኪናው በጉዞ ላይ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ የማርሽ ዘንጎቹ፣ የፍጥነት መለኪያው ገመድ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹና መተንፈሻ ቱቦው ይለያሉ። የካምቢዮው ማረፊያ ብረት ሲወጣ ካምቢዮው ሌላ ድጋፍ ሊኖረው ይገባል። ሣጥኑ ከባድ ስለሆነ በክሪክ ተደግፎ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳባል፤ በዘንጉ ላይ ከተንጠለጠለ ዘንጉንም ላስቲኩንም ይጎዳል። በላንድክሩዘር ብዙ ባለሙያዎች ካምቢዮውንና ሣጥኑን እንደተያያዙ ማውረድ ይመርጣሉ፤ የሠራተኛ ዋጋው ከፍ ቢል ኮሚቴው አይደነቅ። ካምቢዮው ከወረደ ግን ፍሪሲዮኑም በዚያው ይታይ፤ ለእርሱ ብቻ ዳግመኛ ማውረድ ድርብ ወጪ ነው።

የወረደው ዘይት ሁለት ሊትር ቢሆን ነው፤ መጠኑ አነስተኛ ነው ተብሎ ግን በቡና ሥር ወይም በሐይቁ ዳር አይደፋ። የጣና ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ለዘጌ ሰው ግን ከምዝገባው አስቀድሞም ሐይቁ ውኃው፣ ዓሣውና የታንኳው መንገድ ነበረ። ሥራው ከውኃው ርቆ ይሁን፤ ዘይቱም በጀሪካን ተከድኖ ወደ ባሕር ዳር ይመለስ።

ሲገጠም ጓርኒሲዮኑና ላስቲኮቹ አዲስ ይሁኑ፤ የአሮጌ ላስቲክ ቁጠባ ያንኑ ሥራ እንደገና ያስከፍላል። ዘይቱ በሜዳ በቆመ መኪና ላይ ከመሙያው አፍ መፍሰስ እስኪጀምር ይሞላል። ከጥቂት ቀን ጉዞ በኋላ የሻፍቶቹ ብሎኖች እንደገና ይጠብቃሉ፣ የሁለቱም ዘይት ልክ ዳግመኛ ይታያል። የተለወጡትን አሮጌ ዕቃዎች ኮሚቴው ይረከብ። ንዋየ ቅድሳት በመዝገብ እንደሚገቡና እንደሚወጡ ሁሉ፣ የወጣው ዕቃ፣ የገባው ዕቃና ቀኑ በመኪናው መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ ከባለሙያው ጋር ሁለት የኮሚቴ አባላት ይፈርሙበት።